ስድስት ባጃጅና አንድ ክንፍ

ሚያዝያ 15፣ 2017

ዛሬ ለሦስተኛ ዓመት ሜካኒካል ተማሪዎች ክንፍን አስተማርሁ። ፍሉይድ ሜካኒክስ ደረቅ ኮርስ ነው። ተማሪው ወራቱን ሙሉ በቧንቧ ውስጥ ውሃ ሲያሳድድ ይከርምና ክንፍ ላይ ሲደርስ ቀና ይላል። እኔም ያንን ቀን እንደ ዓመት በዓል እጠብቀዋለሁ። ሸሚዝ እቀይራለሁ።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ሁለት የአየር ቅንጣቶች ጎን ለጎን እየመጡ ሳለ ክንፍ መሀላቸው ይገባል። አንዷ በላይ፣ አንዷ በታች ይሄዳሉ። ከመለያየታቸው በፊት ግን ከክንፉ ጀርባ እኩል ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል። የላይኛዋ መንገድ ጉብታ ስላለው ይረዝማል፤ ስለዚህ መሮጥ አለባት። የሚሮጥ አየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከታች ያለው ይበልጣል፤ ክንፉም ወደ ላይ ይገፋል። አውሮፕላን የሚበርረው እንግዲህ ሁለት ቅንጣቶች ቀጠሮ ስለሚያከብሩ ነው።

ይህን ስድስት ዓመት አስተምሬዋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ይጨበጨባል። ዛሬም ሊጨበጨብ ነበር።

ከኋላ እጅ ወጣ። ሙንታሲር ነው፤ የሱዳን ጠረፍ የኩርሙክ ልጅ፣ ቤርታ። አማርኛ ሲናገር ወንዱንና ሴቱን እንደተመቸው ያደርገዋል። ሒሳብ ላይ ግን እንደተመቸው ያደረገውን ነገር እስካሁን አላገኘሁበትም።

«ቲቸር፣ ሁለቱ አየር ማን ቀጠራቸው?»

«ምሳሌ ነው» አልሁ።

«እሺ፣ ምሳሌ። ግን የላዩ ቢቀር፣ የታቹ ይጠብቀዋል?»

አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ዘግይቼ ነው፤ ያንን የሚያስተውል ተማሪ ደግሞ አይጠፋም። «መልሱን ፈተና ላይ ጻፈው» አልሁት። ይህ መልስ አልነበረም።

ሚያዝያ 17

ከገበያ ወደ ግቢ በባጃጅ። እኔ ከሾፌሩ ጎን ተጣብቄያለሁ፤ ከኋላ ሁለት ተማሪዎች አሉ። ጀርባዬን አላወቁትም።

«ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አለን።»

«የምን ቀጠሮ?»

«ክላስ ነዋ። ቲቸር ቀጠሮ።»

ስም ወጥቶልኛል ማለት ነው። ሌሎች መምህራን የወጣላቸውን ሳስብ ዕድለኛ ነኝ። እንዲህ እያልሁ ከግቢው በር አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድሁ።

ሚያዝያ 22

ከቤተ መጻሕፍት አንድ ወፍራም የኤሮዳይናሚክስ መጽሐፍ ተዋስሁ። ለሌላ ጉዳይ ነው። አልገለጥሁትም። ምዕራፍ አራት ላይ ያሉት ሥዕሎች ኅትመታቸው በጣም ደብዛዛ ነው።

ሚያዝያ 27

ባለቤቴ ሰሎሜ ከፋርማሲው ስትመለስ መጽሐፉን አየችው።

«መጽሐፍ ላይ ጋዜጣ የምትደርበው ምን ሆነህ ነው?»

«አቧራ እንዳይነካው።»

«ዝናብ ገብቶ የምን አቧራ?»

ስለ አሶሳ የአየር ጠባይ ከሰሎሜ ጋር አልከራከርም። እዚሁ ሰፈራ መንደር ውስጥ ነው የተወለደችው። ወላጆቿ የመጡበት ወሎ ደግሞ አማርኛዋ ውስጥ አለ፤ ስትጠይቅ በለሰለሰ ቁጥር ይብሳል።

ግንቦት 4

ሚድ ፈተና ሰጠሁ። ጥያቄ አምስት፦ ክንፍ እንዴት የማንሳት ኃይል እንደሚያገኝ በሥዕል አስደግፈህ አስረዳ። ሃያ ነጥብ። ላወጣው አስቤ ነበር። ባወጣው ግን ሙንታሲር እንደፈራሁ ያውቅብኛል። ስለዚህ አልፈራሁም።

ግንቦት 7

እርማት ላይ ነኝ። አንድ ነገር ገጠመኝና በዝርዝር ልጽፈው ነው።

ጥያቄ አምስት ስር ባጃጅ የተሣለበት ወረቀት አገኘሁ። ባለሦስት እግር፣ ሸራው የተገለበ፤ ከኋላው መቀመጫ አንድ ክንድ ወደ ውጭ ተዘርግቷል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠህ እጅህን አውጣ። መዳፍህን ዘርጋ። የፊቱን ጠርዝ ጥቂት ቀና አድርገው። አየሩ ወደ ታች ይታጠፋል፣ እጅህ ወደ ላይ ይሄዳል። ክንፍ ይህ ነው። መዳፍ ጉብታ የለውም። የላይና የታች አየር አይገናኙም፤ የላዩ ቀድሞ ያልፋል።»

የሙንታሲር ነው። ገለል አደረግሁት። ቀጥሎ ሌላ ባጃጅ መጣ። ቀጥሎ ሌላ። ስድስት ሆኑ። ጽሑፉ ቃል በቃል አንድ ነው። በስድስቱም ላይ ሾፌሩ ኮፍያ አድርጓል።

ስድስቱም የአንድ ቡድን ልጆች ናቸው። አንድ ለአምስት የሚባለው የጥናት አደረጃጀት ሌላ ቦታ ሞቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኛ ግቢ ግን በሕይወት አለ። አንድ ጎበዝ ይመረጥና አምስት ሰው ይሰጠዋል። የዚህ ቡድን መሪ ሙንታሲር ነው።

ተኮራርጀዋል። ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ስድስት ዜሮ ጻፍሁና ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለሰራዊት ደብዳቤ አስገባሁ። መልሱ ልክ ይሁን አይሁን አልመረመርሁም፤ ኩረጃ ከሆነ የመልሱ ልክነት አግባብነት የለውም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለሰራዊት ሁለት ጊዜ ነገርሁት። እሱ አልጠየቀኝም።

ስድስቱም ዜሮዎች ክብነታቸው እኩል ነው። ይህን ለምን እንደጻፍሁ አላውቅም።

ግንቦት 11

ሰራዊት ደስ ብሎታል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ብዙ ጊዜ ሥራ አያገኝም።

«ሙሉ ቡድን በአንድ ጊዜ። ለሌላውም ትምህርት ይሆናል።»

«ምን ይወሰንባቸዋል?»

«ከተረጋገጠ አንድ ዓመት ቤታቸው ይቀመጣሉ።»

«አልበዛም?»

«እንዳለ፣ ደብዳቤውን የጻፍከው አንተ ነህ።»

እንዳለ የኔ ስም ነው። ሰራዊት ሲጠራው ሁልጊዜ የሌላ ሰው ይመስለኛል፤ ዛሬ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ግንቦት 13

የዝናሽ የምትባል ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ከስድስቱ አንዷ ናት፣ የባምባሲ ሰፋሪዎች ልጅ። አትቀመጥም፤ ቆማ ነው የተናገረችው።

«ቲቸር፣ በቡድን አጥኑ፣ አንድ ቋንቋ ተናገሩ ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«አጥኑ አልሁ እንጂ ተገለባበጡ አላልሁም።»

«ማን ተገለባበጠ? ሙንታሲር ነው ያሸመደደን። መጀመሪያ አንድ በአንድ ባጃጅ አሳፍሮ እጃችንን አስወጣን። እኔ ባምባሲ ስሄድ ሚኒባስ ላይ ሁሉ ሞክሬያለሁ። ረዳቱ ‹አንቺ፣ ክንድሽን ለአይሱዙ ልትሸልሚው ነው?› አለኝ። ከዚያ መልሱን አጻፈን፤ እስክንችለው በቃል አስባለን።»

«ኮፍያውስ?»

«የምን ኮፍያ?»

«የሾፌሩ።»

ትንሽ አሰበች። «እሱ ሲያስረዳን የሣለው ሾፌር ኮፍያ ነበረው። ኮፍያው ነጥብ ይኑረው አይኑረው እኛ በምን እናውቃለን?»

አለመሳቅ ከባድ ነበር። ከዚያ ደግሞ መሳቅ ከባድ ሆነ፤ የኔ ተማሪዎች እኮ ናቸው። ከስድስት ዓመት ወዲህ የክንፍ ሥዕሌን ከነጠመኔው ነጠብጣብ ገልብጠው ሲመልሱልኝ ሙሉ ነጥብ እየሰጠሁ ኖሬያለሁ። ያኔ ኩረጃ ብዬው አላውቅም።

በሩ ላይ ስትደርስ «አባቴ አንድ ዓመት ቤት ከዋልሁ መልሶ አይልከኝም» አለች። ለኔ ይሁን ለበሩ ግልጽ አልነበረም።

ግንቦት 16

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ወደ አየር ማረፊያው የሚወስደው መንገድ ላይ ባጃጅ ኮንትራት ያዝሁ። እጄን አወጣሁ።

«ቀኝ ልታጠፍ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«አይ፣ ዝም ብለህ ንዳ።»

መዳፌን አግድም ሳደርግ ምንም የለም። የፊቱን ጠርዝ ቀና ሳደርግ እጄ ተነሣ። ዝቅ ሳደርግ ወረደ። ደጋግሜ አደረግሁት። ከፊት ለፊት የመጣ ባጃጅ ሾፌር ሰላምታ መስሎት እጁን አወጣልኝ፤ የኔው ሾፌር ደግሞ «ታውቀዋለህ?» አለኝ። አዎ አልሁት። ማስረዳቱ ይረዝማል።

አየር ማረፊያው በር ላይ ስንደርስ «ማንን ልትቀበል ነው?» አለኝ። ማንንም፤ መልሰኝ አልሁት። ሲመለስ በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝ።

ይህን ሁሉ ምን አደከመኝ? የማላውቀው ነገር አልነበረም።

ግንቦት 20

ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን በግቢው ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። ተማሪዎቹ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩ። እኔ እንዳስተማርሁት እየበረረ አልነበረም።

ግንቦት 21

የመምህራን ክበብ። ቴርሞዳይናሚክስ የሚያስተምረው ዳበሳ ሻዩን ይዞ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ተማሪዎቹ ምን እንደሚሉ ሰምተሃል?»

«ምን ይላሉ?»

«ተወው።»

«እሺ።»

«ሙንታሲርን የከሰስከው ክላስ ውስጥ ስለጠየቀህ ነው ይላሉ።»

«ቃል በቃል አንድ ነው የጻፉት፣ ዳበሳ። ባጃጅ ሥለው።»

«ባጃጅ ነው የሣሉት?» ሳቀና ሻዩን አስቀመጠ። «ለመሆኑ መልሱ ልክ ነበር?»

ክፍል አለኝ አልሁት። ክፍል አልነበረኝም። ግማሽ ሰዓት ያህል ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ሰሌዳ አጠፋሁ። ሰሌዳው ከመነሻውም ንጹሕ ነበር።

ግንቦት 25

የኮሚቴው ስብሰባ ለሐሙስ ተቀጠረ። ዓርብ አረፋ ነው። ሙንታሲር ለበዓሉ ቤቱ መድረስ አይችልም፤ የኩርሙክ መኪና የሚወጣው ጠዋት ነው፤ መንገዱም በዝናብ ተበላሽቷል። ቀኑ እንዲለወጥ ልጠይቅ አሰብሁ። የጠየቅሁ እንደሆነ ለምን ይሉኛል። አልጠየቅሁም።

ግንቦት 28

ስብሰባው ተካሄደ።

ሰብሳቢው ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጡ አዛውንት ናቸው። ስለ ክንፍ ምንም አያውቁም፤ ይህን ራሳቸው ተናገሩ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ካለነው ከሙንታሲር ቀጥሎ ስለ ክንፍ እውነት የተናገሩ ሁለተኛው ሰው ሆኑ። ሙንታሲርን ጠየቁት።

«ጓደኞችህ መልሱን ከየት ነው የወሰዱት?»

«ከእኔ።»

«ስለዚህ ካንተ ነው የቀዱት።»

«ከእኔ ጭንቅላት። ፈተና በፊት። እኔ አስተማርኩ፣ እነሱ ያዙ።»

ጸሐፊው ቀና ሳይል ጻፈ፤ ጮክ ብሎም አነበበው፦ «ከሱ መውሰዳቸውን አምኗል።»

«የዝናሽ አልሰረቀም» አለ ሙንታሲር። «እሱ ሌሊት ሁሉ አጥንቷል።»

ከዚያ ሰብሳቢው ወደኔ ዞሩ። «መምህር፣ መልሱ እርስዎ ካስተማሩት ጋር ይገናኛል?»

«አይገናኝም» አልሁ።

ይህ እውነት ነው። ዛሬ ከአፌ ከወጣው ሁሉ እጅግ እውነት የሆነው እሱ ነው፤ ልጆቹን የጨረሳቸውም እሱ ነው። ሙንታሲር አየኝ። የተናደደ አልነበረም። አንድ እኩልታ ለምን እኩል እንዳልሆነ የሚፈልግ ሰው እንደሚያይ ነው ያየኝ።

ኮሚቴው ራርቻለሁ አለ። ይቅርታ ጽፎ የፈረመ ዜሮው ብቻ ይጸናበታል፤ እገዳው ይቀርለታል። አምስቱ ፈረሙ። የዝናሽ ስትፈርም እያለቀሰች ነበር፤ ወረቀቱን ግን እንዳይረጥብ ራቅ አድርጋ ያዘችው። ሙንታሲር አልፈርምም አለ።

«ያልሰረቅኩት ለምን ይቅርታ?»

«የኔ ልጅ፣ ፈርምና ተማር» አሉት ሰብሳቢው። ሽማግሌው ከልባቸው ነበር የሚለምኑት።

«አባቴ የፈረምከው ምንድን ነው ቢለኝ ምን እላለሁ?»

የአንድ ዓመት እገዳ። ሰኞ ይጸድቃል።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ አለፈ። ኢድ ሙባረክ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። እንደከፈትሁት ዘጋሁት።

ግንቦት 29

አረፋ። ግቢው ጭር ብሏል። ሙንታሲር ዶርም ውስጥ ነው፤ የኩርሙኩን መኪና አልደረሰበትም።

ጎረቤቶቻችን በሳህን ምግብ ላኩልን። ሰሎሜ ተቀብላ መረቀች። እኔ እጄን ሳልዘረጋ ተቀመጥሁ።

«ምንድን ነው ያደረግከው?» አለች። «ምን ሆነሃል» አይደለም ያለችው።

ነገርኋት። ባጃጁን፣ ኮፍያውን፣ ኮሚቴውን። ሳትስቅ ሰማችኝ።

«ልጁ ልክ ነው?»

«በአንድ በኩል።»

«በየት በኩል?»

«ክንፉ ባለበት በኩል።»

ሳህኑን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። «እና ሰኞን ምን ብለህ ነው የምትጠብቀው?»

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ በደንብ ሳልጽፈው ወር አለፈኝ፤ ልጻፈው። የላይኛዋ አየር በእርግጥ ትፈጥናለች። የምትፈጥነው ግን ልትገናኝ ብላ አይደለም። ክንፉ ዘንበል ብሎ አየሩን ወደ ታች ያጥፈዋል፤ አየሩም ክንፉን ወደ ላይ ይመልሰዋል። የላይኛዋ ቀድማ ትደርሳለች፤ ማንንም አትጠብቅም። ቀጠሮ የለም። ኖሮም አያውቅም። ጠፍጣፋ የወረቀት አውሮፕላን ይበርራል፤ ልጅ ሆኜ ስንቱን ሠርቻለሁ፤ አንዱም ጉብታ አልነበረውም።

ሰኔ 2

ሰራዊት ቢሮ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆምሁ። ሲመጣ ቁልፉን እስኪያዞር እንኳ አልጠበቅሁትም።

«የልጆቹ መልስ ልክ ነው። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ፈተና ላይም አልተኮራረጁም፤ አጥንተው ነው የመጡት።»

ሰራዊት ገባ፤ ተቀመጠ፤ መስኮቱን ከፈተ፤ እንደገና ተቀመጠ።

«መቼ ነው ይህን ያወቅከው?»

የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው። ስለ ክንፉ ምንም አልጠየቀኝም።

«ትናንት» አልሁ።

«ትናንት» አለ፤ ትከሻውም ወረደ። «ትናንት ከሆነ ጥሩ ነው። መምህር አነበበ፣ ራሱን አረመ፤ ያስመሰግናል እንጂ። ከእርማቱ በፊት ብታውቅ ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ነበር። የምንወያየውም ስለነሱ አይሆንም ነበር።»

«ትናንት ነው።»

«ጻፈዋ።»

ጻፍሁ። ፈረምሁ። ይቅርታዎቹ ተቀደዱ፣ ዜሮዎቹ ተሰረዙ፣ እገዳው ቀረ። ስድስቱም ሃያ ከሃያ አገኙ። ኮፍያው ነጥብ አልተቀነሰበትም።

ሰኔ 3

ወሬው ግቢውን አዳርሷል። አንዲት የማላውቃት መምህርት ኮሪደር ላይ አስቁማ ጨበጠችኝ። ዳበሳ ክበብ ውስጥ ሁሉም እየሰማ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

«ጀግና ነህ። እኔ ብሆን እሸፍነው ነበር።»

«ሻይ ልጋብዝህ» አልሁት። ሁለት ጠጣ።

ቤት ስገባ ሰሎሜ «ነገርከው?» አለች።

«ነገርሁት።»

«ሁሉንም?»

«እራት ምንድን ነው?»

ሽሮ ነበር።

ሰኔ 4

አዳራሹ ሞልቷል። ያልተመዘገቡ ሁሉ መጥተዋል። ሸሚዝ አልቀየርሁም።

ሰሌዳው ላይ ክንፉን ሠራሁ፤ ዘንበል አድርጌ። አየሩን ወደ ታች አጠፍሁት። ቀጠሮው ስህተት እንደነበር፣ ስህተቱም የኔ እንደሆነ፣ ልክ የነበሩት ስድስቱ ተማሪዎች እንደሆኑ ተናገርሁ። ስድስቱን በየስማቸው ጠራኋቸው። የዝናሽ አንገቷን ደፋች፤ ግን ፈገግ ብላ ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። ተነሥተውም ያጨበጨቡ ነበሩ። እጄን አንሥቼ ላስቆማቸው ሞከርሁ፤ ትሕትና መሰላቸውና ጨመሩ።

ጭብጨባው ሲያልቅ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ቲቸር» አለ ሙንታሲር። «አስቸጋሪ አይደለም። መቼ አወቅከው?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ልማዱ ነው ብለው ነው የሳቁት። እሱ አልሳቀም። እስክሪብቶውን ይዞ ሊጽፍ ይጠብቃል። ተንኮል አልነበረውም፤ ይህን እምልለታለሁ። ያልገባውን ነበር የሚጠይቀው። አንድ ሰው ትናንት ያላወቀውን ነገር ዛሬ ማወቁ ይገባዋል። ስብሰባው ላይ ያየው ፊት ግን የማያውቅ ሰው ፊት አልነበረም፤ ይህ አልደመር አለው።

«እሑድ» ማለት እችል ነበር፤ ለሰራዊት «ትናንት» ያልሁት ቀን ነው። በፊርማዬ የጸና መልስ ነው።

«ከማረሜ በፊት» አልሁ። «መጽሐፉን ፈተናው ሳይደርስ አንብቤዋለሁ። ዜሮውን የጻፍሁት አውቄ ነው።»

አንድ ሰው ወንበሩን ጎተተ። የዝናሽ ፈገግታዋን የት እንደምታደርገው ጨነቃት።

ሙንታሲር አንገቱን ነቀነቀ። መልሱ እንደደረሰለት ሁሉ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጻፈ። ከዚያ ቀና አለና የሚቀጥለውን ጠበቀ።

ክፍለ ጊዜው ገና ግማሽ ነበረው። ክንፉ ከመጠን በላይ ቀና ሲል አየሩ ለምን እንደሚለቀውና ለምን እንደሚወድቅ አስተማርሁ። አስተውለው ጻፉ። ማንም አላጨበጨበም።

ከምሳ በኋላ ሰራዊት ደወለ። አነሣሁት።